የጳጉሜ ስድስቷ ልጅ

ማስተዋል መለሰ ያን ቅዳሜ የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ከማራኪ እስከ አዘዞ ያላየው ሰው የለም። ሦስት ጊዜ ነው የተኮሰችው፤ ሁለቴ ለቀሚሱ፣ አንዴ ለልቧ። ሚኒባስ ውስጥ እንዳይጨማደድባት ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ ወፍ ተንጠልጥላ ሄደች። ረዳቱ "እህት፣ ተደላድለሽ ተቀመጪ እንጂ፣ ወንበሩ አይነክስም!" ቢላት ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሰማችም። ምን ትስማ! የኢዮስያስን እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ ነው።

ልጅቷን ለማያውቃት፣ የሳንጃ ልጅ ናት። አባቷ አያ መለሰ ሰሊጥ ያርሳሉ። እናቷ በልጅነቷ ነው የሞተችባት። ማራኪ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች፣ ታትማለች፣ ትጠርዛለች። ከኋላው አልጋና ላፕቶፕ ብቻ የምትችል ኪራይ ክፍል አለቻት። ላፕቶፑ የአባቷ የአንድ ክረምት ሰሊጥ ነው። ሰፈሩ "የፎቶ ኮፒዋ" ይላታል። እሷ ግን ደንበኛ ቀዝቀዝ ሲል ኮድ ትጽፋለች። ኮድ ማለት ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ጽሑፍ ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ካልነገሩት አያውቅም፣ ከነገሩት ቃል በቃል ይዞ ድርቅ የሚል ፍጥረት ነው።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በልደቷ ነው። ማስተዋል የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሊወጣ ሲል ብቅ በምትለው ቀን። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከተማው ውስጥ ካሉት ኮሌጆች ወደ አንዱ ልትመዘገብ ሄደች። መዝጋቢዋ ሴትዮ ቀኑን ኮምፒውተሩ ላይ ብትመታው፣ እምቢ። ደግማ ብትመታው፣ እምቢ።

"እንዲህ የሚባል ቀን የለም ይላል። መስከረም አንድ ብዬሻለሁ። ቀጣይ!"

"እትዬ፣ እናቴ ግን ያን ቀን ነው የወለደችኝ" አለች ማስተዋል። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ከእናቷ የቀራት ነገር ያቺ ቀን ናት። እሷንም ማሽን ካደባት።

ሳቁ ሦስት ዓመት ጆሮዋ ውስጥ ቆየ፤ ከዚያ ተቀምጣ ቀን የሚቆጥር መሣሪያ መሥራት ጀመረች። ስሙን "ስድስተኛዋ" አለችው። የሆስፒታል ቀጠሮም ሆነ የትምህርት ቤት መዝገብ የሚሠራ ፕሮግራመር ሁሉ አንስቶ ሥራው ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ኮምፒውተር አሥራ ሦስቱንም ወር አሳምሮ ይቆጥራል። ደግሞ በነፃ! ኦፕን ሶርስ ይሉታል። እኛ ደቦ የምንለው ነው። ማሳው ክፍት ነው፤ የፈለገ ይመጣል፣ አረሙን ይነቅላል፣ ይሄዳል። አንድ ልዩነት አለው፤ በዚህ ደቦ ማን የቱን ትልም እንዳረሰ ይመዘገባል። በእያንዳንዷ መስመር ጎን የጻፋት ሰው ስምና ቀኑ አለ። ሌላ ደመወዝ የለውም። ደመወዙ ስም ነው።

ለደቦው ሁለት ሰው ጠንክሮ መጣላት። አንዱ ሐምዛ ነው፣ የአራዳ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፤ የሒጅራውን አቆጣጠር ጨመረላት። ሌላው ኢዮስያስ ነው፣ የዶክተር አንዳርጋቸው ልጅ። ስምንት ወር መልኳን ሳያይ ተጻጻፋት፤ ሲጻጻፉም ሲጣሉ ነው። ጠባቸው ምን ነበር? ጳጉሜ አምስት ላይ በሚያልቅ ዓመት የጳጉሜ ስድስት ልጅ ልደቷ መቼ ይሁን? እሱ "መስከረም አንድ፣ አገር ሁሉ አብሮ ያክብርላት" ይላል። እሷ "ጳጉሜ አምስት! ምነው ከዓመቴ ታስወጣኛለህ?" ትላለች። አርባ ሁለተኛዋ መስመር ላይ ሁለቱም አንለቅም አሉ።

አንድ ቀን አንድ ረጅም ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤቷ መጥቶ ወረቀት ዘረጋ። ብታየው የራሷ ኮድ! ከዳሩ ላይ በእስክሪብቶ "ግትር!" ተብሎ ተጽፏል።

"ስንት ኮፒ ላንሳልህ?"

"ሁለት።"

"ግትሯ እኔ ነኝ" አለችው። ልጁ ወረቀቱንም መልሱንም ትቶ ሄደ፣ በማግስቱ ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ኮፒ የሚነሳ ነገር አላጣም። የልጁ የመታወቂያ ኮፒ ብቻ ቤት ይከድናል።

ሰፈሩ "የዶክተር ልጅና የፎቶ ኮፒዋ! አይዘልቅም" አለ። ይበል። ባለፈው ሳምንት ነፃ መሣሪያ የሚደግፍ አንድ የውጭ ማኅበር "ስድስተኛዋ ከሰው ስም ወጥታ የራሷ ቤት ይኑራት" ብሎ ጻፈ። ቤት ማለት ኮዱ ከነመዝገቡ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ እስካሁን በማስተዋል ስም ነበር። ወቅቱ ምረቃ ነው፣ ማስተዋል ትንፋሽ የላትም። "አንተ አጓጉዛት" አለችው ለኢዮስያስ። እሱም አጓጓዘና "ቅዳሜ እናቴ ቤት ነይ፣ ሰው ፊት የማሳየው ነገር አለኝ" አላት።

እንግዲህ ቀሚሱ ለዚህ ነው።

የአዘዞውን በር የከፈተችው እናትየው፣ ወይዘሮ ዓይናለም ናት። ማስተዋል ቀና ብላ አየቻት። መነጽሩ ተለውጧል፣ ጸጉሩ አጥሯል። "ቀጣይ!" ያላት አፍ ግን ያው ነው።

"ማን ልበል፣ የኔ ልጅ?"

"ማስተዋል።"

"እ! የፎቶ ኮፒዋ! ነግሮኛል፣ ነግሮኛል። የልጄን ሥራ የምትተይቢለት አንቺ ነሽ። ጣትሽ ይባረክ፣ ግቢ።"

ሳሎኑ የወይዘሮ ዓይናለም የሥራ ባልደረቦች ሞልተውበታል። ኢዮስያስ የለም፤ ወንበር አንሶ ጎረቤት ሄዷል።

"ጠዋት ሙሉ ቴሌቪዥኑን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያጋባ ነው የዋለ፣ አንድ ነገር አሳያችኋለሁ ብሎ" አለች ወይዘሮ ዓይናለም። እንደሷ ያለች እናት ደግሞ መጠበቅ የት ታውቃለች? ሄዳ ማብሪያውን ተጫነችው። ቴሌቪዥኑ በራ። "እዩልኝ! የውጭ ማኅበር የተቀበለው ሥራ ነው! ከላይ እስከ ታች የልጄ ስም!"

"ብቻውን ነው የሠራው?" አለች አንዷ።

"ብቻውን!"

ማስተዋል ዓይኗ እየሮጠ ወረደ። ኢዮስያስ። ኢዮስያስ። ኢዮስያስ። ለሁሉም አንድ ቀን፣ ነሐሴ ሃያ ሰባት። አርባ ሁለተኛዋን መስመር ፈለገች፤ ያቺን የተጣሉባትን፣ ያቺን የተዋደዱባትን። ኢዮስያስ። የዓመታት ልፋቷ በአንድ ቀን የሌላ ሰው ሆኖ ግድግዳ ላይ ይበራል።

አንዱ ለስላሳ አቀበላት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተቀበለች፣ ተጎንጭታም ዋጠችው። ለስላሳው ጣፋጭ ነበር፤ ጉሮሮዋን ሲያልፍ ግን እሬት እሬት አላት።

ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችው። አራት የፕላስቲክ ወንበር በራሱ ላይ ደራርቦ፣ ፊቱ በወንበሮቹ እግር መሀል እንደ እስረኛ ብቅ ብሎ፣ ጥርሱ ሁሉ ይስቃል።

"ማስቴ! መጣሽ! ምን ያለ ሸጋ ቀሚስ ነው እባክሽ!"

"አውርደው።"

"ምኑን?"

"ወንበሩን! ፊትህን ልየው።"

"ጭቃው ላይ? እናቴ ትገድለኛለች። ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

"ምነው ትለኛለህ? እኔ ነኝ እንጂ ምነው የምልህ! ምነው ኢዮስያስ? እናትህ ቀኔን ወሰደችብኝ፣ ዝም አልኩ። አንተ ስሜን ትወስዳለህ?"

"እናቴ? የምን ቀን? ማስተዋል፣ ምን እንደምትዪ..."

"ግባና እየው። ከላይ እስከ ታች ተጽፈሃል። እኔ ታይፒስት ነኝ።"

"ቆይ! አንዴ ስሚኝ!"

"ስምንት ወር ሰማሁህ!"

ከውስጥ ወይዘሮ ዓይናለም ተጣራች፤ "ኢዮስያስ! ወንበሩን! ሰው ቆሟል እኮ!" እሱም፣ ልጅ አይደል፣ ዞር አለ። አንዴ ብቻ፣ ዓይን ለመክደን ያህል። መለስ ሲል ሰማያዊው ቀሚስ ሚኒባስ ውስጥ ገብቷል፤ ያን ጊዜ ለመጨማደዱ ማን ተጨነቀ።

እስከ ማራኪ ድረስ ያልለቀቃት የወንበሩም የቴሌቪዥኑም ነገር አይደለም። እሷ እዚያ ቆማ፣ እሱ ለሌላ ድምፅ ዞር ያለው ነው።

ክፍሏ ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች። አሮጌው ቤት፣ በሷ ስም ያለው፣ ገና እንዳለ ነው። ማን የትኛዋን መስመር በስንት ቀን እንደጻፈ የሚናገረው መዝገብ ያለው እዚያ ነው፤ ወደ አዲሱ ቤት የተጓዘው ኮዱ ብቻ ነው። ይሄን ታውቃለች። ንዴት ግን ያወቁትን ያስረሳል። "አንድም ነገሬ እጁ ላይ አይቀርም" አለችና አጥፋ የሚለውን ተጫነችው።

ዌብሳይቱም ተንኮለኛ ነው። ዝም ብሎ አያጠፋም፤ እርግጠኛ ከሆንሽ ስሟን በእጅሽ ጻፊ ይላል። ማስተዋል ጻፈች። ስ። ድ። ስ። አንድ ፊደል ስትጽፍ አንድ እንባ፣ አንድ ፊደል አንድ እንባ። ጨርሳ ተጫነችው። ከዚያ ከላፕቶፑም ላይ ደመሰሰችው፣ እንዳያሳሳት።

ሲያልቅ እጇን አየችው። ስሟን የሚመሰክርላት አንድ መዝገብ ነበር፣ እሱን ያጠፋው ኢዮስያስ አይደለም፤ ይሄ እጅ ነው። ያን ጊዜ ነው ልቅሶው እውነተኛ የሆነው።

እሑድ ጠዋት፣ በጳጉሜ አንድ፣ ስልኳን ዘግታ የሳንጃን አውቶቡስ ተሳፈረች።

አያ መለሰ ልጃቸው ያለ ዓውዳመት ዕቃ፣ በአንድ ቦርሳ፣ ዓይኗ አብጦ ስትመጣ ቦርሳዋን ተቀብለው አስገቧት። ሁለት ቀን ሙሉ ሰሊጥ አብራቸው አረመች። በሦስተኛው ቀን ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ወረደ፣ ሰፈርተኛው ለበረከቱ ብሎ ወጥቶ ተጠመቀበት። ማስተዋል ከደጃፉ ቆማ ታያለች።

"አትወጪም?" አሉ አባቷ።

"ይቅርብኝ።"

"እንግዲያው ንገሪኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ጊዜ አለን።"

ነገረቻቸው። ኮዱን በማሳ፣ ዌብሳይቱን በቤት እያስመሰለች ነገረቻቸው። አያ መለሰ የዝንብ ጭራቸውን ይዘው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

"በወባ የወደቅሁበትን ዓመት ታስታውሻለሽ? አገሩ በደቦ ወጥቶ ሰሊጤን ያረመልኝ?"

"አስታውሳለሁ።"

"አድማሴ ብቻ አልመጣም አሉኝ። ጎረቤቴ፣ ሚዜዬ! ሁለት ዓመት ሰላምታ ከለከልሁት። በኋላ አንድ ቀን ወንዝ ላይ ተገናኘን፣ መሸሻ የለ፣ 'ምነው ያኔ ቀረህብኝ?' አልሁት። ለካ ሰዉ ሳይመጣ፣ ገና ሳይነጋጋ መጥቶ፣ የዳሩን ማሳ ብቻውን አርሞ፣ የታመመች ላሙ ዘንድ ሄዷል። ያየው የለም። እሱም አልተናገረ፣ እኔም አልጠየቅሁ።" ዝናቡን አዩት። "ሁለት ዓመት፣ ልጄ። ለአንድ ጥያቄ።"

"እኔ ግን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ አባዬ!"

"ማየቱንስ አይተሻል። ጠየቅሽው?"

ማስተዋል ወጥታ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ፊቷ ላይ የሚወርደው የሩፋኤል ይሁን የራሷ ማንም አልለየውም፣ እሷም ብትሆን።

ጳጉሜ አምስት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ጭቃ የለበሰች ፒካፕ ከአያ መለሰ አጥር ሥር ቆመች። ጭነቱ ላይ የጨርቅ ጣቃ አለ። መሪውን የያዘው ሐምዛ ነው። ከጎኑ ኢዮስያስ ወረደ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጺሙ ሳይላጭ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ነገር እንደ አራስ ልጅ አቅፎ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ አያ መለሰ። ኢዮስያስ እባላለሁ።"

"የወንበሩ ልጅ?"

ኢዮስያስ ጆሮው ቀላ። "አዎ።"

"ግባ እንግዲህ። እዚህ እንኳ ወንበር የለም፣ መደብ ነው።"

ማስተዋል ከማሳ ስትመለስ እደጃፉ አገኘችው። እጇ ላይ አረም አለ። አራት ቀን ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት፤ ፊቱን ስታይ ከስድቡ አንድ ቃል የቀራት የለም። አባቷ ከኋላ አሳሉ። እሱም እንደ መግፋት ነው።

"ምነው ስሜን አወጣኸው?" አለች፣ በቀስታ። "ልጠይቅህ ብዬ ነው። ያኔ አልጠየቅኩህም፣ ፈረድኩብህ።"

ኢዮስያስ ያቀፈውን አጥብቆ ያዘ። "ኔትወርኩ ነው፣ ማስቴ። ቤቱን ከነመዝገቡ ላወርድ ስል ሦስቴ ተቆረጠብኝ። ቸኮልኩ፣ ኮዱን ብቻ በዚፕ፣ በአንድ ጥቅል አውርጄ አስገባሁት። ሲገባ ያስገባው ሰው ስም እንደሚለጠፍበት ረሳሁ። እኔ! ለሰው የማስተምረው ነገር! ቴሌቪዥኑን ያዘጋጀሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የስም ገጹን የመረጥኩት፣ ከላይ እስከ ታች ማስተዋል ማስተዋል የሚል መስሎኝ ነው። እናቴ እንድታነበው ነበር። 'ይህች ናት' ልላት ነበር። አስቀድሜ አንዴ እንኳ ሳላየው።"

ማስተዋል አፏን በእጇ ያዘች፤ አረሙ እንዳለ።

"ወንበሩን ጥዬ ገባሁ፣ አየሁት። አሮጌውን ቤት ብፈልግ የለም።"

"አጠፋሁት" አለች። "ከላፕቶፔም አጠፋሁት። አንተ በስህተት ነው፣ እኔ በእልህ ነኝ። ከሁለታችን የባስኩት እኔ ነኝ።"

"አልጠፋም።"

"ምን?"

"እኔ ጋ አለ ወላሂ!" አለ ሐምዛ ከፒካፑ መስኮት።

"አንተ፣ አልሰማም አላልክም?" አለው ኢዮስያስ።

"አልሰማም። መስኮቱ ግን አይዘጋም፣ ምን ላድርግ? ስሚ ማስተዋል፣ አባቴ ጣቃ ሲገዛ ከነመጠቅለያው ከነወረቀቱ ነው የሚገዛ። እኔም መጀመሪያ ቀን ስድስተኛዋን ሳወርድ ከነመዝገቧ አወረድኳት። እስከ መጨረሻው ድረስም አዲስ ሲጨመር እየተከተልኩ ጨምሬያለሁ። ሱቅ ውስጥ፣ ነጠላ ሥር ተኝታልሽ ነበር። ይሄ ሰውዬ እሑድ መጥቶ ሱቃችንን ገለበጠው፤ አባቴ ሌባ መስሎት በሜትር ሊመታው ነበር!"

ኢዮስያስ ፕላስቲኩን ፈታ። የሐምዛ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። የደጃፉ መደብ ላይ አስቀመጠውና ወደሷ አዞረው።

"ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መዝገቡን ከአዲሱ ቤት ጋር አጋጠምኩት። እያንዳንዷ በቦታዋ፣ በቀኗ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ለውጥ። ቁጠሪ።"

ማስተዋል ተንበርክካ አየች። ስሟ። ስሟ። ስሟ። በእያንዳንዱ ለውጥ ጎን ያኔ የጻፈቻት ትንሽ ማስታወሻ አለች። "መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ዛሬ ጨረስኩት።" "አባዬ ደወለ፤ የቀረውን ነገ።" "ይሄ ኢዮስያስ የሚሉት ሰው ልክ ነው፣ ግን አልነግረውም።" ይቺን ስታይ በእንባዋ መሀል ሳቀች። እየወረደች፣ እየወረደች፣ የመጀመሪያዋ ጋ ደረሰች። ምንም ኮድ ሳይኖር፣ ባዶ ገጽ ላይ የጻፈቻት የመጀመሪያዋ ማስታወሻ፦

"እናቴ ያን ቀን ነው የወለደችኝ።"

ያቺን አንብባ ግንባሯን መደቡ ላይ ደፋች። እንደዚያ ያለቀሰችው እናቷ በተቀበረች ቀን ብቻ ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው፤ ይሄኛው የጠፋ ሰው ደጅ ሲያንኳኳ የሚለቀስ ነው። ኢዮስያስ አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። እስክትጨርስ ተቀመጠላት። አያ መለሰ ዞር ብለው ሰማይ ያያሉ። ሐምዛ እንኳ፣ ያ ምላሰኛ፣ መሪው ላይ አቀርቅሯል።

ቀና ስትል ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። የእጅ ጽሑፍ ነው።

"ለማስተዋል። ልጄ የተወለድሽበትን ቀን ሲነግረኝ አስታወስኩሽ። ጳጉሜ ስድስት እንዳለች እኔ አላውቅም? አውቃለሁ። ማሽኑ የለም ሲል ሰልፉ ረጅም ነበርና ከማሽኑ ጋር ተስማማሁ። ሰልፉ ሲስቅብሽ ዝም አልኩ። እሱ ይበልጥ ያሳፍረኛል። ታይፒስት ያልኩበትን አፌን ይቅር በይኝ፣ ሰው ጠይቄ መናገር ነበረብኝ። ነገ ለዓውዳመት ቤቴ ነይ። ያ ልጅ ያመጣው አንድ ወንበር አልተመለሰም፤ ሰው እንዳይቀመጥበት ከልክያለሁ፣ የሷ ነው ብዬ። ዓይናለም። ደግሞ ሰማያዊው ቀሚስ አምሮብሽ ነበር፣ በር ላይ ልነግርሽ ስል ረሳሁት።"

ማስተዋል ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበች፤ አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ጮክ ብላ ለአባቷ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ላፕቶፑን ወደሷ ሳበች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ ኢዮስያስ።

"ምስጋና የሚለው ገጽ ባዶ ነው። ደቦ ተበልቶ ተጠጥቶ ያለ ምርቃት አይበተንም።" ጻፈች። ስትጽፍም ጮክ ብላ ታነበዋለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ለእናቴ፣ ቀኑን ለሰጠችኝ። ለአባዬ፣ በሰሊጡ ላፕቶፕ ለገዛልኝ፣ ጠይቂ ላለኝ።"

"እኔን ኮምፒውተር ውስጥ ከተተችኝ?" አሉ አያ መለሰ።

"ለሐምዛ፣ ከነመጠቅለያው ለያዘልኝ።"

"ለአባቴ ሜትርም ጨምሪበት!"

"ለወይዘሮ ዓይናለም፣ ያቺ ቀን የለችም ላሉኝ። እሳቸው አለች ቢሉኝ ኖሮ ተመዝግቤ እሄድ ነበር፤ ስድስተኛዋም አትኖርም፣ ይሄ ሁሉ ሰውም አይኖረኝም።"

ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔስ?"

"አንተ ቆይ። መጀመሪያ አርባ ሁለተኛዋን እንጨርስ።"

"ተሸንፌያለሁ። ጳጉሜ አምስት ይሁን። እንዳልሽው።"

"አይሆንም።"

"እንዴ! ስምንት ወር የተጣላሽኝ ለሱ አይደል?"

"ሁለታችንም ተሳስተናል። አንተም ትወስናለህ፣ እኔም እወስናለሁ፤ የምንወስነው በሰው ልደት ላይ ነው። ያቺን መስመር አጥፍተን መሣሪያው ሰውየውን ይጠይቀው። 'ዘንድሮ ቀንዎ የለችም፣ መቼ ይከበርልዎ?' ይበለው። በቃ።"

ኢዮስያስ አያት። ያኔ ፎቶ ኮፒ ቤት "ግትሯ እኔ ነኝ" ስትለው ያያት ዓይነት አስተያየት ነው። ከዚያ ላፕቶፑን ተቀበላት፣ አርባ ሁለተኛዋን መስመር በእጁ አጠፋ፣ ጥያቄዋን ጻፈ። ከማስቀመጡ በፊት የጸሐፊው ስም የሚገባበት ጋ ቆመና ወደሷ አዞረው፣ እሷ ሞላችው። ማስተዋል እና ኢዮስያስ ይላል። አንድ መስመር፣ ሁለት ስም።

"አንቺስ?" አላት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ዘንድሮ ቀንሽ የለችም። መቼ ይከበርልሽ?"

በሕይወቷ ይሄን የጠየቃት ሰው የለም። ማስተዋል አባቷን አየች፣ ማሳውን አየች፣ ጭቃ የለበሰውን ልጅ አየች።

"ሁለቱንም" አለች። "ዛሬ እዚህ፣ ነገ እናንተ ቤት።"

"እኔስ?" አሉ አያ መለሰ። "እዚያ የተረፈው ወንበር አንድ ነው አሉ። እኔ የት ልቀመጥ ነው?"

"አያ መለሰ፣ ጎረቤት ሄጄ አመጣለሁ" አለ ኢዮስያስ። "በራሴ ላይ ተሸክሜ።"

"ማኪናው ላይም ቦታ አለ" አለ ሐምዛ። "ጣቃው ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን አባቴ በሜትር ያስከፍላል።"

ሳቁ ማሳውን ተሻገረ። የጠዋቱ ዝናብ አባርቶ የሰሊጡ አበባ ጠብታ ይዟል። ኢዮስያስ ወደ ማስተዋል ጠጋ አለ፣ ለሷ ብቻ እንዲሰማ።

"ነገ ሉቃስ ይገባል፣ ማስቴ። ሲወጣ ቀንሽን ይዟት ይመጣል። ያን ቀን ማሽን ሁሉ አለች ይልሻል።"

"ማሽኑ ይበል አይበል" አለች ማስተዋል፣ አረም የነካው እጇን በእጁ ላይ አድርጋ። "አንተ ጠይቀኸኛል።"